ሁለተኛው ኩሬ ምን በላ

የካቲት 11

ከወገዳ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «ይሄ ደም የሚገዛው ሰውዬ ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። ከሥጋ ቤቶቹ በባልዲ እገዛለሁ። ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ የዓሳ መኖ አደርገዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ «የሰው እህል የሚፈጭበት ነው» ብሎ ስለመለሰኝ በሙቀጫ ነው የወቀጥኩት። ይህን ሁሉ ላስረዳት አሰብኩ... ተውኩት።

ሙከራው ትናንት ተጀመረ። ሁለት ኩሬ፣ እኩል የቆሮሶ ዓሳ ጫጩት። ለአንደኛው ግብጦ ከፉርሽካ ጋር፣ ለሁለተኛው ደም ከፉርሽካ ጋር። በፕሮቲን እኩል አድርጌ ቀምሜዋለሁ። የትኛው ያሳድጋል? አንዱ መጽሐፍ ደም ይላል፣ ሌላው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። የሚያበሉት የኩሬው ጥበቃ ጋሼ ሞላልኝ ናቸው። የመኖ ቤቱ ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው።

መጋቢት 3

ከየኩሬው ሠላሳ ዓሳ መዘንኩ። ግብጦ የበሉት በአማካይ ሃያ ሁለት ግራም። ደም የበሉት... ሃያ ሁለት ግራም። መንታ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም።

መጋቢት 19

ዛሬም እኩል። በዚያ ላይ ግብጦው እየተመናመነ ነው። የደሙ ጆንያ ግን ሆዱን ነፍቶ ቁጭ ብሏል። ግብጦ ቆሎ ይሆናል፣ አረቄ ይወጣዋል። ደም ማን ይሰርቃል?

«ጋሼ፣ ይሄ ግብጦ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ዓሳው ነዋ።»

«ይህ ሁሉ?»

«ዓሳ መቼ ጠግቦ ያውቃል ልጄ?»

ዓይናቸውን አላሸሹም። ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

መጋቢት 27

ሚስታቸው ገበያ ላይ ግብጦ ሲሸጡ አየሁ። ግብጦ የሚሸጡ ሌሎች አርባ ሴቶችም ነበሩ። እነሱን ልብ አላልኳቸውም።

ሚያዝያ 2

ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ጋሼ ሞላልኝ ግብጦ ይሰርቃሉ ብዬ ጻፍኩ። ከሥራ ታገዱ። በዚህ ደሞዝ አምስት ነፍስ እንደሚያድር አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት።

ቁልፉን ሲያስረክቡኝ፣ «ሌባ ካልከኝ ምን አደርጋለሁ። ብቻ እስከ ፋሲካ ግብጦውን አታጓድልባቸው» አሉ።

እስከ ፋሲካ? ቀን ተቆርጦለታል ማለት ነው። ከየትኛዋ አረቄ አውጪ ጋር ተዋውለው ይሆን?

ሚያዝያ 7

ራሴ መኖ ስሰጥ አስካለ መጣች፤ ግብጦውን ቀቅላ ምሬቱን የምታወጣልን ናት። ደሙን ሁለተኛው ኩሬ ላይ ስበትን አይታ ቀጥ አለች።

«በሰሙነ ሕማማት ደም? ልታስገድፋቸው ነው?»

«ዓሳ እኮ ናቸው አስካለ።»

«ይሁኑዋ። ጋሼ ሞላልኝ ከቅበላ ወዲህ ለሁለቱም ግብጦ ነው የሚሰጧቸው። ደሙን ጾሙ ሲፈታ ይበሉታል ብለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጾም መግባቱ ለተማረ ሰው ይነገራል?»

አይነገርም። እኔም ምሳዬ ሽሮ ነበር።

ከስድስት ሳምንት በላይ ግብጦን ከግብጦ ጋር ሳወዳድር ከርሜአለሁ። ውጤቱ እኩል ነው። ሳይንስ ይሠራል።

እኒያን ሽማግሌ ግን ምን ብዬ ነው የማያቸው?

ሚያዝያ 16

በፋሲካ ማግሥት ቤታቸው ሄድኩ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ። አዩኝ፣ አዩኝና፣ «አውርደው፣ ለኩሬው ግድብ ይጠቅመናል» አሉ። ይቅር ማለታቸው መሆኑን የተረዳሁት ሚስታቸው ዶሮ ወጡን ሲያቀርቡልኝ ነው።

ደብዳቤውን ሳብኩ። ዛሬ ሥራ ገቡ። አስካለን ምስክር አድርጌ ቁልፉን በእጃቸው መለስኩ፤ ከእንግዲህ ስለ ግብጦ ላልጠይቃቸውም ቃል ገባሁ። ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀለል ብሎኛል...

ለአዲሱ ሙከራ ስንት ግብጦ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የአሮጌውን ሒሳብ ሠራሁ። ለአንድ ኩሬ በቀን አንድ ኪሎ ነው። እሳቸው እስከታገዱበት ቀን ድረስ፣ ሁለተኛው ኩሬ ጾሙን ሙሉ ግብጦ በልቶ እንኳ፣ የሁለቱ ተደምሮ መቶ ኪሎ አይሞላም።

እስከዚያ ቀን ከመኖ ቤቱ የጎደለው ግን መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ነው።