ዳገቱ ላይ የቆሙልህ ሯጮች

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለተሰማ፤

ደብዳቤ መጻፍ ያስተማሩን መምህር፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ጤና መጠየቅ ሊዘለል አይገባም ይሉን ነበር። የአንተን ጤና መጠየቅ ግን አሁን የእኔ ፋንታ ስላልሆነ አልፌዋለሁ። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ከቤታችን በላይ ያለውን ተራራ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። ከባሕር ዛፉ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም እያልክ የምታጉረመርምበት ቦታ ዛሬ ጽድና ወይራ፣ ኮሶም ይዟል። አንተ ስትሄድ ከጉልበት በታች የነበሩት ችግኞች ትከሻዬ ደርሰዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢያችን ይገባ የነበረው ቀይ ጎርፍ ቀንሶ አካፋህ ሥራ ፈትቷል። የእግር መንገድ ወጥቶለታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይሮጣል፣ ብስክሌት ይነዳል። አግዳሚ ወንበሮቹን ግን የቀሩት ባሕር ዛፎች ጥላ እያለ ፀሐይ ላይ ተክለዋቸዋል፤ ማን እንደሆነ ባውቅ እነግረው ነበር።

እንግዲህ የጥቁር ልብሴን ነገር ልንገርህ። ዓመቱ ሲሞላ ልጆቹ አውልቂ ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ያወለቅኩ ዕለት ጨርሰህ የምትሄድ መሰለኝ። ባለፈው ወር ልጃችን ሮማን አየር ተቀበዪ ብላ ወደ ጫካው ይዛኝ ወጣች። ዳገቱ ስለከበደኝ እሷ በግራ፣ ባሏ በቀኝ ደግፈውኛል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሻለሁ፤ ብርዱም ዓይኔን አስለቅሶታል። ቁልቁል የሚሮጡ ወጣቶች ሲያዩን ቀጥ አሉ። ቆባቸውን አውልቀው፣ መንገድ ለቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አንዷ ቀረብ ብላ፣ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቀብሩ ዛሬ ነው?» አለችኝ።

«ሦስት ዓመቱ ነው፣ ልጄ» አልኳት፤ መዋሸት አልችልም።

አማቻችን ሳቁን ለመደበቅ ወደ ዛፎቹ ዞረ። ቀድሜ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ። ላባችሁ ሳይበርድባችሁ ሩጡ ብዬ አሰናበትኳቸው።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ እንኳ ጨዋታ የምትጀምረው አንተ ነበርክ፤ እኔ ከጎንህ ሆኜ እየቆነጠጥኩህ። በአንተ ስም ሰው ከሩጫው መቆሙ አንተን አይመስልም። በማግስቱ ጥቁሩን አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። አልሄድክም።

እግሬ እስከቻለ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። አጠገቤ አረፍ የሚል ሰው ካገኘሁ ስለ አንተ አወራዋለሁ። ከቸኮለ ይሂድ፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ በላይነሽ