ወታደር የመሰለችው ቦርሳ

ጥር 6፣ ሰኞ
የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። ከሥራ ስመለስ፣ መሀል መንገድ ላይ። ቲማቲሙ በየአቅጣጫው ተንከባለለ... አንዱን ታክሲ ጨፈለቀው። በሁለት ዓመት አራተኛ ቦርሳ ነው። ቆዳ ነው ብለው ይሸጡልሻል፣ ከወር በኋላ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።
ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ! ለራሴ የሚሆን ቦርሳ ያቅተኛል?
ልብስ ሰፊ ነኝ ማለቱም ያሳፍራል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ የሰፋሁት የወታደር ጃኬት የግራ ኪስ ነው። የግራ ብቻ። ቀኙን አጠገቤ ያለችው ቀጮ ትሰፋለች።

ጥር 8፣ ረቡዕ
ወንድሜ የድሮ የወታደር ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ ሰቅሎታል። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ጃኬቱ ግን እዚያው ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ኪሶቹ ባለ ክዳን። ስፌቱ ድርብ። ትከሻው ላይ በቁልፍ የምትያዝ የጨርቅ ምላስ አለች። ይሄ ነገር ቦርሳ ቢሆን ማን ይበጥሰዋል?
ጨርቅ ከየት ይምጣ? የመኝታ ቤቱ አሮጌ መጋረጃ ሣጥን ውስጥ አለ። ወፍራም ነው፣ ግን ቢጫ ጽጌረዳ በጽጌረዳ... ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም። ጀርባውን ወደ ውጭ ባደርገውስ?

ጥር 11፣ ቅዳሜ
የጨርቅ ቀለም ገዝቼ ጀርባውን በብሩሽ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ ደራርቤ። ወይራማ አረንጓዴ ሆነ። እጄም አብሮ ሆነ።
“ሣር ስታጭጂ ነው የዋልሽው?” አለኝ ወንድሜ።

ጥር 12፣ እሑድ
አለቀች!
ሁለት ኪስ ከነክዳናቸው። ማንገቻዋን ግራና ቀኝ ምላስ ይዟታል። ቁልፎቹ ከአሮጌ ካፖርቴ ላይ የተነቀሉ ናቸው። ገበሯ ቀይ... ድሮ ልኬ ከነበረ ቀሚስ። ከመጀመሪያዋ ክር እስከ መጨረሻዋ በእኔ እጅ። በአስራ አንድ ዓመት አንድ ሙሉ ነገር ሰፍቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው?
ወንድሜ አገላብጦ አያት። ኪሷን ከፈተ፣ ዘጋ።
“ይሄ ኪስ ጥይት አይዝም።”
“ሊፕስቲክ ይይዛል።”
“በይ በርቺ፣ ሻምበል!”
ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ጥር 14፣ ማክሰኞ
ከየት ልጀምር?
ጠዋት ሴቶቹ ከበቡኝ። ከየት ገዛሻት፣ ለእኔስ... ቀጮ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ እንደ ወታደር ተራመደች። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።
ማታ መውጫው በር ላይ ተሰልፈናል። ፈታሿ ቦርሳዬን ያዘች፣ አልለቅም አለች። “ይሄ ጨርቅ የእኛ ነው።” የክፍላችንን አለቃ፣ ካቦውን ጠራች። እሱ እንኳን ሊሰማኝ፣ ፊቴንም አላየ። የያዝኩትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። መሐረቤ፣ ማበጠሪያዬ፣ ሞዴሴ ሳይቀር... ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ።
“አያችሁ? ሌባ ሲለምድ እንዲህ በትከሻው አንጠልጥሎ ይወጣል!”
ሌባ። ሦስት መቶ ሴት እየሰማ።
“መጋረጃዬ ነው” አልኩ።
“መጋረጃ!” ብሎ ሳቀ።
ባዶዋን ቦርሳ ወሰዳት። ዕቃዬን በሻርፔ ቋጥሬ ወጣሁ። እስኪጣራ ድረስ ታግጃለሁ።
ልብሴ ላይ የተጣበቀች ክር እንኳ አራግፌ የምወጣ ሰው... ሌባ?

ጥር 15፣ ረቡዕ
ቤት ዋልኩ። ወለሉን ሁለቴ ወለወልኩት። ምኑ ቆሽሾ?
ወንድሜ ይቆጣልኛል ብዬ ነበር። “አለቃ አለቃ ነው። ዝም ካልሽ ይረሳል” አለኝ። “በገዛ እጅሽ ጉሮሮሽን አትዝጊ።”
“ሌባ ብሎኛል እኮ!”
“ስንቱን ተብለናል።”
ስንቱን ተብለናል! ይሄም መልስ ሆኖ? ራቴን ጥዬ ተነሳሁ። የተናደድኩት በእሱ አይደለም... ወይስ በእሱም ነው?

ጥር 17፣ ዓርብ
ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ቦርሳዬ ጠረጴዛው ላይ። ካቦው ቆሟል። ጋሽ መቀስም አሉ... የፋብሪካው ጨርቅ ቆራጭ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨርቅ የሚለዩ ሽማግሌ። ሳያቸው ነፍሴ መለስ አለች።
“ጨርቁ የእኛ ነው?” አላቸው ሥራ አስኪያጁ።
በጣታቸው አሹት። አወቁት። ማወቃቸውን አይቻለሁ፤ አውራ ጣታቸው ቀጥ አለ። ከዚያ ካቦውን አዩ። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ነው የቀራቸው።
“እንግዲህ... ሊሆንም ይችላል።”
ሊሆንም ይችላል! ደሜ ፈላ።
“መቀስ ስጡኝ” አልኩ።
“ማስረጃ ልታጠፋ ነው!” አለ ካቦው። ሥራ አስኪያጁ ግን መቀሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።
ተረተርኳት። የገዛ ስፌቴን። በድርብ የሰፋሁት ስለሆነ አልላቀቅም አለ... እየኮራሁ አንጀቴ አረረ። ገበሯን ገነጠልኩና ጨርቁን ገለበጥኩት። ጠረጴዛው ቢጫ በቢጫ ሆነ።
“ካቦ፣ ወታደር ከመቼ ወዲህ ነው ጽጌረዳ ለብሶ የሚዘምተው?”
ጋሽ መቀስ መሬት መሬት ያያሉ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ዋጠ።
“በቃ፣ ተጣርቷል። ሰኞ ሥራሽ ላይ ተገኚ።”
ይኸው ነው? ይቅርታ የምትባል ቃል እዚያ ቤት የለችም? ጭራሽ በሩ ጋ ስደርስ፣ “ስታስተካክያት ለባለቤቴም አንድ ሥሪላት፣ እከፍልሻለሁ” አይለኝም!
“አልሠራም” ብዬ ወጣሁ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ
ቦርሳዋን መልሼ ልሰፋት ተቀመጥኩ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ተውኩት።

ጥር 20፣ ሰኞ
ገባሁ። መኪናዬ አጠገብ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም።
“ቁጭ በይ” አለ ካቦው።
“የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው። ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ያኔ እቀመጣለሁ።”
አፉ ያመጣለትን ሁሉ ተናገረ። ቆምኩ። የግራ ኪስ የሌለው ጃኬት ፊቴ ይከመራል። አንዲት አዲስ ልጅ አምጥቶ አስቀመጠ፤ ኪሱን አጣማ ሰፋችው፣ የሰፋችው ሁሉ እንዲስተካከል ተመለሰ። ወደ ቀጮ ዞረ።
“አንቺ ስፊው።”
“ውይ፣ እኔ የግራውን አላውቅበትም” አለችው፣ ፊቷ ሳይፈታ። አስራ አንድ ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ጥር 21፣ ማክሰኞ
ቆሜ ዋልኩ። እግሬ አበጠ። ጃኬቱ ደረቴ ድረስ ደርሷል።
ከቀትር በኋላ ጋሽ መቀስ መጡ።
“ልጄ፣ አሁን ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። የእኛ እንዳልሆነ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።”
“የፈለግሁዎት ያን ጊዜ ነበር፣ ጋሽዬ።”
አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። አላጽናናኋቸውም። ማጽናናት ነበረብኝ እንዴ? የተሰደብኩት እኔ ነኝ እኮ!
ማታ ወንድሜ ሙቅ ውኃ በሳፋ አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረ።
“ነገም ትቆሚያለሽ?”
“እቆማለሁ።”
“እንግዲያው ክብደትሽን ከእግር እግር አቀያይሪ። ጉልበትሽን ቀጥ አታድርጊው፣ ያዞራል። ዘብ የምንቆመው እንደሱ ነው።”

ጥር 22፣ ረቡዕ
ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ እንዲቆሙ ታዘዘ። ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። ካቦው፣ ወረቀት ይዞ።
“በሠራተኛ ቁጥር ሁለት መቶ አስራ አራት ላይ የተፈጠረውን ስህተት...”
“ቁጥር አይደለሁም” አልኩ፣ ከቆምኩበት። “ስም አለኝ።”
ቀጠለ። ቀጮ በመቀሷ ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ከኋላዋ ያለችውም። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ... ድምፅ ማጉያው ራሱ ተዋጠ። ካቦው አቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ፣ በስሜ። የአባቴን ስም ግን ሌላ አደረገው።
“አባቴ እሱ አይደለም” አልኩና ነገርኩት።
ለሦስተኛ ጊዜ አነበበ። ሌባ አይደለችም። ጨርቁ የራሷ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።
በረደልኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አልበረደልኝም። ወንበሬን ግን ሳብኩ። ከመቀመጤ በፊት፣ “ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳዬን የምከፍተው ራሴ ነኝ” አልኩ። “የማንም እጅ አይገባበትም።” “የእኔም!” አለች ቀጮ። “የእኔም! የእኔም!” ካቦው ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።
ስንወጣ ፈታሿ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው ከፈቱ፣ አሳዩ፣ ዘጉ፣ አለፉ። ተራዬ ደረሰ። ዕቃዬን የቋጠርኩበትን ሻርፕ ፈትቼ አሳየኋት።
“እለፊ” አለችኝ፣ አቀርቅራ።
አላለፍኩም። ቀና ብላ እስክታየኝ ጠበቅኩ።