ዓይኔን ጨፍኜ ያደረግሁት መነጽር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለመቅዲ፤ ሜልቦርን።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ከወሊዱ በኋላ ወገብሽ ጠናልሽ? ዮፍታሔስ ሌሊት ተነስቶ ሕፃኗን ያቅፍልሻል ወይስ እንደ አባትሽ እንቅልፍ ይጥለዋል? የልጅ ልጄስ በደንብ ትጠባለች? ብርዱ እንዳያገኛት አደራ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ክረምቱ ገብቶ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ስልክ ላይ ሳፈጥ ራስ ምታቱ ስለሚነሳብኝ በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ ጎረቤታችን ዘሀራ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ስለላክሽልኝ ብርሃን የሚሰጥ መነጽር ልንገርሽ። ለሕፃኗ ክርስትና ስመጣ እንቅልፌ ተዛብቶ ማይግሬኑ እንዳይነሳብኝ፣ ከጉዞው በፊት ጠዋት ጠዋት እያደረግሁ የእናንተ ሰዓት ከእኛ ስለሚቀድም ቀድሜ መተኛት እንድለምድ ነግረሽኝ ነበር። አባትሽ ሲያየው ግን ብርሃን የምትሸሽ ሴት እንዴት ዓይኗ ላይ አምፖል ታበራለች ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ሐኪሜ ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ እንድጀምር፣ ሕመሙን ካባሰብኝም እንድተወው መከረኝ።

ጠዋት ዳዊቴን በምደግምበት ሰዓት አደረግሁት። ሰነበትኩ፣ ለውጥ የለም። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ራሴም እንደ ልማዱ። ድካምሽ ከንቱ ቀረ ብዬ አዘንኩልሽ። አንድ ጠዋት ዘሀራ ጨው ልትበደር ገብታ አየችኝና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ ዳዊቱን በቃሌ ስለማውቀው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምደግመው! እትዬ ትርፌ፣ ዓይንዎ ተከድኖ ለማን ነው የሚበራው አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ገልጬ ከመጽሐፉ አነባለሁ። በቃሌ ስል ስዘለው የኖርኩትንም ቃል አገኘሁ። እንቅልፌ እየቀደመ መጣ፤ አባትሽ ዜናውን ሳይጨርስ እተኛለሁ። ራሴ አሁንም አልፎ አልፎ ያመኛል፣ አልዋሽሽም፤ ግን እንደ ድሮው አልጋ ላይ አይጥለኝም።

ለሠርግሽ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ራሴን አሞኝ መጋረጃ ዘግቼ መተኛቴ፣ ሰው እልል ሲልልሽ ጆሮዬን በትራስ መድፈኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሙሽራ ሆነሽ ያየሁሽ በፎቶ ነው። ክርስትናው ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እኔ እስኪሻለኝ ብለው ቄሱ አይጠብቁኝም።

ባለፈው እሑድ የዘሀራ ልጅ ጀነት ተመርቃ ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ድሮ ቢሆን በሬን እዘጋ ነበር። አሁን ግን ወጣሁና እኔም እልል አልኩ። ከዚያ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ሕመሙን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። አለቀስኩ ልጄ። የክርስትናውን እልልታ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ።

አባትሽ በጣም ናፍቀሽዋል፤ መነጽሩንም አሁን እሱ ነው የሚወለውለው። እህትሽ ሩሃማ ትስምሻለች። ዘሀራና ጀነትም ሰላም ብለውሻል። ለዮፍታሔ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለሕፃኗ ግን ሰላምታ አልላክሁም፤ የእሷን ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

እናትሽ ትርፌ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.