ከፍ ዝቅ የሚለው ሚዛን

ይድረስ ለእህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? እኔና ባለቤቴ፣ ያ ቀልደኛ ወንድምሽ፣ ደህና ነን።

ውፍረት ለመቀነስ መነሳቴን ስትሰሚ መሳቅሽ አይቀርም። ባለፈው ሁለት ኪሎ ቀንሼ ስፎክር፣ በማግስቱ አንዱ ተመልሶ መጣ። ነርስ የሆነችው ጎረቤታችን፣ «ጨው የበዛበት በልተሽ ሰውነትሽ ውኃ ይዞ ነው እንጂ ስብ ባንድ ቀን አይመጣም። ከፍ ዝቅ ማለት ያለ ነው፤ የወሩን እይ» ብላ አረጋጋችኝ። እውነቷን ነው፤ ይኸው ቀሚሴ ሰፍቶኛል።

ወንድምሽም አብሮኝ ይመዘናል። እንደ ልቡ እየበላ የሱ ሚዛን አንድም ቀን ከፍ ብሎ አያውቅም። «ቀንተሽብኝ ነው» እያለ ይስቅብኛል። ሱሪዎቹን ሁሉ አጠበብኩለት። ነርሷ ይህን ስነግራት አልሳቀችም፤ ሰኞ እሱን ይዘን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃድሽን ቀደም አድርገሽ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? እሱም ስላንቺ ማውራት አብዝቷል።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

የወንድምሽ ሚስት