ሁለቴ የፈታሁት ሚዛን

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ሱቄን በሰዓቱ እከፍታለሁ፤ ደረጃውንም ሁለቴ አረፍ ብዬ እወጣዋለሁ። ይቺን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፣ ይነበባል።

ባለፈው በስልክ «ልጅሽን ቶሎ አስመርምሪው» ብዬሽ፣ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» ስትይኝ የተቋረጠው ካርድ አልቆ አይደለም። እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ነገሩ ከሚዛን ጀመረ። የሰው ሚዛን ጠግኜ ልሞክረው ብወጣበት አርባ ስምንት ኪሎ አለኝ። አልተስተካከለም ብዬ ፈታሁት። ስፕሪንጉን አጽድቼ ገጠምኩት፤ አሁንም አርባ ስምንት። እንደገና ፈታሁት። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀበቶህን ሦስቴ የበሳሁልህ እኔ ነኝ። ይሄ ብረት ምን አደረገህ?» አለኝ። ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሟ ካንቺ ታንሳለች። «አባባ፣ ምግብ ይበላሉ?» አለችኝ።

«ካንቺ የበለጠ።»

«ታዲያ የት ይሄዳል?» ብላ አንድ ብልቃጥ ደም ቀዳችብኝ። በዚያች ደም ውስጥ ያሉትን በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ማሽን ባንዴ ይለካቸዋል፤ የትኛው በዛ፣ የትኛው አነሰ፣ አንጀት ምግብ አልቀበልም ያለው በምን ምክንያት ነው፣ እሱን ይጠቁማል አለችኝ።

«የናንተንስ ሚዛን ማን ይፈትሸዋል?» አልኳት።

«ከጤነኛ ሰዎች ደም ጋር እናስተያየዋለን።»

እሺ፣ ሥራ ታውቃለች። ደግሞ ይሄ ብቻውን አይፈርድም ብላ በጉሮሮዬ ቱቦ ሰዳ አንጀቴን አየች። ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ። ስንዴ ነው። ስንዴ በበላሁ ቁጥር ሰውነቴ የገዛ አንጀቴን ይወጋል። በሽታው እኔ ላይ ብዙ ቆይቷል ብላ ወደ ሌላ ሐኪም ወረቀት ጻፈችልኝ፤ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ እሱን ተይው። «በዘር ይሄዳል» አለችኝ ቀጥላ። «ከቤተሰብ በልጅነቱ የከሳ አለ?»



ታናሽ ወንድምሽን አታስታውሺውም፣ አራት ዓመትሽ ነበር። ሆዱ ተነፍቶ እግሩ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። በየሳምንቱ ሱቅ አምጥቼ እመዝነዋለሁ። ሲቀንስ እናትሽን፣ ሰው ፊት፣ «ሚዛን አይዋሽም፤ ልጁን አታበዪውም» እላታለሁ። «ይበላል እኮ፣ እያየኸው» ትለኛለች። ስለማላምናት ማታ ማታ ዳቦ ገዝቼ እገባና «አጉርሺው» እያልኩ እስኪጨርስ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አፉን ሲያዞር አገጩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናትሽ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ስትኖር፣ ዳቦ በእጇ ቆርሳ አታውቅም። ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

አማትሽ ልጅሽ ሲከሳ አይታ «ልጁን አታበዪውም» አለችኝ ብለሽ ስታለቅሺ፣ «ዳቦ አብዢለት» ያልኩሽም እኔ ነኝ። አታብዢለት። ግን ሳይመረመር ስንዴውን ጨርሰሽ እንዳታቋርጪው፣ ምርመራውን ያሳስታል ብላለች ሐኪሟ። ይቺን ደብዳቤ ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂና አንብቢላቸው። የሱ ገና ነው፤ በጊዜ ከታወቀለት እንደ ሰው ያድጋል ብላኛለች።

የሚበላው ሁሉ ሥጋ ይሁነው። አንቺም በልጅሽ ምክንያት ሰው ፊት አንገትሽን አትድፊ።

አባትሽ፣ ሚዛን ጠጋኙ

ገንዘብ እንዳትልኪ። ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ለጫማ ሰፊው የሦስት ቀዳዳ ዋጋ፤ አልቀበልም ይላል፣ ይቀበላታል። ለሐኪሟ የሕፃናት ክፍሉን ሚዛን፤ ሁለት መቶ ግራም ያጎድላል፣ አስተካክልልሻለሁ ብያታለሁ። ለእናትሽ አንድ ቃል። መቃብሯ ዳገቱ ላይ ነው። ሁለቴ ሄጄ ከግማሽ ተመለስኩ። ጫማ ሰፊው በታክሲ ላድርስህ ቢለኝ እንቢ አልኩት፤ እዚያስ በእግሬ ነው የምሄደው።