ከመስኮቱ ሥር ያለው ሶኬት

አባ ሙስጤ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለያየን ክረምቱ አልፎ ቡና ለቀማው ደረሰ፤ እሱም እያለቀ ነው። ስለ ሰፈሩም ስለ ዘመዱም የምነግርህ ብዙ አለኝ። ግን አንተ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን ስለማውቅ ከመብራቱ ልጀምር።

አንተን በቀበርን ሰሞን የቤታችን ሶኬቶች ግማሾቹ መሥራት አቆሙ። አምፖሎቹ ሁሉ ይበራሉ። ሳሎን ከመስኮቱ ሥር ያለው ሶኬትም ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የመኝታ ቤቱም፣ የጓዳውም፣ የልጃችን የሙስጤ ክፍልም ድርግም ብለዋል። እኔም ነገሬ አላልኩትም። በእጅህ የዘረጋኸው መስመር ነውና አንተን ተከትሎ ቢሄድ አልገረመኝም። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ምን የማያስበው አለ!

ዲቫይደር ገዛሁና ፍሪጁንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የውሃ ማፍያውንም፣ የስልኬን ቻርጀርም ከዚያች ከአንዷ ሶኬት ላይ ሰካኋቸው። ፍሪጁ ሳሎን መሃል ተገትሮ፣ ተቀመጥ ያላሉት እንግዳ መስሎ ከረመ። አንተ ብታይ ዲቫይደሩን ነቅለህ ደጅ ትወረውረው ነበር። ቡና መፈልፈያው ቤት ስትሠራ በእንዲህ ያለ ነገር ስንት ሞተር ሲቃጠል እንዳየህ ስትነግረኝ ኖረሃል።

ባለፈው ሙስጤ ከደዶ ሊጠይቀኝ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ዲቫይደሩን ቢገለብጠው ጎኑ ጠቁሯል። ልጁ ደነገጠ። ወዲያው ሄዶ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ሰውየው የማይሠሩትን ሶኬቶች አንድ በአንድ ፈታና መስመሩ አርጅቷል፣ ግድግዳው ተፈልፍሎ ሁሉም እንደ አዲስ ይዘርጋ ብሎ ሄደ። ሙስጤም ከሱ በኋላ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣ “እማ፣ ይሄ ቤት አንድ ቀን ያቃጥልሻል። እናከራየውና እኛ ጋ ደዶ ነይ። ማሎ፣ እባክሽ፣ እምቢ እንዳትዪኝ” አለኝ።

ክፉ አላሰበም። ሚስቱም ደግ ናት፣ ልጆቹም ይናፍቁኛል። ግን ሰፈሬን መንደራ ቆጪን ትቼ የት እሄዳለሁ? በራችን ላይ የሚያልፈውን ባጃጅ በድምፁ ለይቼ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞስ እዚህ ቤት ውስጥ ካልሆንኩ አንተን የት አገኝሃለሁ? ይህን ለሱ አልነገርኩትም፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ። ለሱ ያልኩት ሌላ ነው። “ቅዳሜ እኔና አንተ ብልሽቱን እንደ አባትህ አድርገን እንፈልገው፣ ካጣነው ጓዜን ጠቅልዬ እከተልሃለሁ” አልኩት። ቃል ገባሁና ሌሊቱን ስፈራ አደርኩ።

አንተ ብልሽት ስትፈልግ አትቸኩልም ነበር። ያቺን ትንሿን ሬዲዮ ይዘህ ከቆጣሪው ወደ ጓዳ፣ ከሶኬት ሶኬት እየሰካህ ትሄዳለህ። ሬዲዮዋ የምትዘፍነው እስከየት ድረስ እንደሆነ፣ ዝም የምትለው ከየት ጀምሮ እንደሆነ ታያለህ። እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ ብሬከሩ ሥር እቆማለሁ። “አጥፊ” ስትል አጠፋለሁ። “አብሪ” ስትል ግን ዝም ብዬ አላበራም፤ “እጅህ ወጥቷል?” ብዬ እጠይቃለሁ። “ወጥቷል” ካላልክ ብሬከሩን አልነካውም። አንዳንዴ ሆን ብለህ ጭጭ ትልብኛለህ። እኔም እየጮህኩ እጠይቅሃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል።

ቅዳሜ ዕለት ሬዲዮዋን አወጣሁ። ከመስኮቱ ሥር ዘፈነች፣ መኝታ ቤት ገብታ ዝም አለች። ያኔ አንተ ትለው የነበረው ትዝ አለኝ። የማይሠራውን ብቻ ፈትቶ ማየት ሞኝነት ነው፣ ለሱ የሚያቀብለውንም ሶኬት ፈትታችሁ እዩ ትል ነበር። ሰውየው ከመስኮቱ ሥር ያለችውን አልነካትም። እኛም አልነካናትም፤ ስትሠራ እያየን ማን ይጠረጥራታል!

ሙስጤን ብሬከሩ ሥር አቆምኩትና አጥፋ አልኩት። በቴስተርህ ደጋግሜ አረጋገጥኩና በካቻቢቴ ፈታኋት። ወደ መኝታ ቤት የሚያልፈው ቀይ ሽቦ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በሱ ቦታ፣ ከብሎኑ ሥር፣ የተበጠሰ የቀጭን ነጭ ሽቦ ጫፍ ተወትፏል። ነጩን ሽቦ ሳየው አወቅኩት።

የለቅሶህ ድንኳን ሽቦ ነው። ያን ቀን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ጎረቤታችን ሸምሱ መስኮቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲታገል አይቼው ነበር። ከአጋሮ የመጣው ለቀስተኛ ጨለማ ውስጥ እንዳይቀመጥ ለድንኳኑ መብራት እየሳበ ነበር። ለቅሶ ቤት ምን ትሠራለህ ተብሎ አይጠየቅም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ሽቦውን ከውጭ ሲጎትቱት የኛን ቀይ ሽቦ ከብሎኑ ሥር አስለቅቆታል። ሌላ ምንም የለም። መስመርህ አላረጀም፣ አንተንም ተከትሎ አልሄደም። ላንተ ያለቀሱ ሰዎች ናቸው ሳያውቁ የቆረጡት። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከሳቅ ጋር የተደባለቀ ለቅሶ። ለሸምሱ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ቢሰማ በሐፍረት በራችንን አያልፍም።

የተወተፈውን አወጣሁ፣ ቀዩን ሽቦ መለስኩ፣ ብሎኑን አጥብቄ ገጠምኩ። ከዚያ “አብራ” ብዬ ተጣራሁ።

አልበራም። ጠበቅኩ። ከበረንዳው የሙስጤ ድምፅ መጣ፦ “እማ፣ እጅሽ ወጥቷል?”

ማንም አላስተማረው። ልጅ ሆኖ ሳሎን ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራውን ሲሠራ የኛን ጩኸት እየሰማ ነው ያደገው። መጀመሪያ ሬዲዮዋ መኝታ ቤት መሰካቷን ሄጄ አየሁ። እሱም ልክ እንደ እኔ ተናዶ ደግሞ ጮኸ። “ወጥቷል” አልኩት። ሬዲዮዋ መኝታ ቤት ውስጥ ዘፈነች።

ፍሪጁን ተጋግዘን ወደ ጓዳው መለስነው። ዲቫይደሩን ራሱ ሙስጤ ደጅ ወረወረው፤ አወራወሩ ቁርጥ አንተን ነው። እሑድ ወደ ደዶ ብቻውን ተመለሰ። ስለ ማከራየት ዳግመኛ አላነሳም።

አባ ሙስጤ፣ ዱዓዬ ውስጥ ሁልጊዜ አለህ፤ እሱን ታውቃለህ። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል ልግባልህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት “እጅህ ወጥቷል?” ሳይባል ብሬከር አይበራም። የልጅ ልጆችህ ለዕረፍት ሲመጡ ተራ በተራ በረንዳው ላይ አቆማቸዋለሁ። ለምን እንደምንጠይቅ ሲጠይቁኝ፣ ያንተን ታሪክ ከዚያ እጀምርላቸዋለሁ።

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ዘሃራ፣ ከቤታችን።