የዘነበወርቅ ጥናት

ቡታጅራ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተረፈ፤ ከነቤተሰብህ፣ ከነመርካቶ ሱቅህና ከነቦርጭህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጅህ ዘነበወርቅ ትምህርቷን ይዛለች። ባለፈው ወር ተማሪዎቹ ክፍል አንገባም ብለው የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲሰበሰቡ፣ ፖሊሶች በሩን ሰብረው ገቡና ወንድ ሴት ሳይሉ ቀጠቀጧቸው። የአንዱ ልጅ ጭንቅላት ተፈንክቶ ደሙ በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ላይ ተረጨ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ለገበያ ከያዝኩት የበርበሬ ዱቄት አንድ ቁና ከአጥሩ ማዶ በነፋስ ለቀቅሁባቸው። ዱላቸውን ጥለው ሲያስነጥሱ ብታይ! ነፋሱ ዞሮ እኔንም አሳወረኝ እንጂ።

ዘነበወርቅን ዱላው ቀኝ እጇን ነካት እንጂ ሌላ አላገኛትም። ወጌሻው በቀርከሃና በቃጫ አስሮ በሳምንት ይፈታል አለ። አሁን አራተኛ ሳምንቱ ነው። ጣቶቿን በመርፌ ወጋ ወጋ ሳደርጋቸው ፊቷን እንኳ አታኮማትርም፤ ጀግና ናት።

ለሰኔው የስምንተኛ ክፍል ፈተና እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ በቃሏ ትመልሳለች። ልጅ ጮክ ብሎ ያጠናውን አይረሳም፤ አንተም እዚያ ያሉትን ታናናሾቿን እንዲህ አስጠናቸው። ትናንት፣ «ጋሼ፣ አንተ እንዲህ እያነበብክልኝ ካለፍኩ ተአምር ነው» አለችኝ።

ራሷ ያልጻፈችልህ ጥናት በዝቶባት ነው። ነገ ዛሬ ሳትል ትምህርት ሚኒስቴር ጎራ በልና፣ ተማሪው በቃሉ እየተናገረ ሌላ ሰው ቢጽፍለት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቅልኝ። የምጠይቅህ ለጎረቤት ልጅ ነው።

አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ ይላል፣ የሚያበሽቅህ ታላቅ ወንድምህ ሀብተጊዮርጊስ።